ሰኞን ግዢላት

ይህ ደብዳቤ ከኮምቦልቻ የተላከ ነው። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይወጣ ጠይቃለች፤ ረዘም ስላለ እኔ አሳጥሬዋለሁ።

«አሰላሙ አለይኩም እትዬ። ዓምድዎን ከተማሪነቴ ጀምሮ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ዕድሜዬ 27 ነው። ኮምቦልቻ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ተቆራርጦ እጄ የሚገባው 9 ሺሕ 200 ብር ነው። ከዚህ ላይ በየወሩ 3 ሺሕ ብር ከደጋን ወጣ ብሎ ገጠር ለምትኖረው ታላቅ እህቴ እልካለሁ።

እህቴ ሦስት ልጆች አሏት። የመጀመሪያዋ ሴት ናት፣ 14 ዓመቷ ነው። ተከታዮቿ ሁለት ወንዶች የ11 እና የ7 ዓመት ልጆች ናቸው፤ አእምሯቸው እንደ ዕድሜያቸው አላደገም። ሁለቱም ዘግይተው ሄዱ፣ ዘግይተው አፋቸውን ፈቱ። ትልቁ የሰው ዓይን አያይም፤ ጫጫታ ሲሰማ እጁን ያርገበግባል፤ አንድ የሰማውን ቃል ሲደጋግም ይውላል። ትንሹን ሁለት ጊዜ ጥሎታል። ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ ወስደዋቸው ሦስቱንም ጊዜ የጭንቅላት ሲቲ ስካን አስነሥተው «ምንም የለባቸውም» ተብለው ተመልሰዋል። እናታችን የአምባሰል ክርስቲያን፣ አባታችን የቃሉ ሙስሊም ስለሆኑ ጠበሉም ዱዓውም አልቀረም። አንድ በሬ፣ የጓሮው ባሕር ዛፍና የእህቴ የጆሮ ወርቅ ተሽጠዋል። በማስታወሻዬ የያዝኩት ወጪ እስካሁን 68 ሺሕ ብር ደርሷል። እህቴ ድሮ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ሽንኩርትና እንቁላል እየነገደች 500 ብር ያህል ታተርፍ ነበር፤ ከ6 ዓመት ወዲህ አቁማለች። ልጅቷም ወንድሞቿን የሚጠብቅ ስለጠፋ አምና ከ5ኛ ክፍል ቀርታለች።

አሁን ባሏ ሁለተኛውን በሬ ሸጦ ለአራተኛ ጊዜ አዲስ አበባ ሊወስዳቸው ነው። ዘመዶቹ ደግሞ «ከእሷ ዘር የመጣ ነው፣ ሌላ አግባ» ይሉታል። እውነት ለመናገር የእናቴ ወንድምም እንዲሁ ነበር። ሳያገባ፣ አምባሰል የዘመድ ፍየል ሲጠብቅ ኖሮ ከ3 ዓመት በፊት ሞተ።

ከረመዳን በኋላ እጮኛዬ ሽማግሌ ሊልክ ነው። የደሴ ልጅ ነው፤ መልካም ሰው ነው። ስለ ልጆቹ ግን አልነገርኩትም፤ 3 ሺሑን ለእናቴ የምልክ ይመስለዋል። ልንገረው? እኔስ እንዲህ ያለ ልጅ እወልድ ይሆን? ገንዘቡንስ እስከ መቼ ልላክ?»

ወአለይኩም አሰላም እህቴ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ እንደ ሴት፣ አንዴ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ። እኔም ለ22 ዓመት ደሴ ውስጥ በአንቺው ሙያ እንጀራ በልቻለሁና ቁጥር ሳይ እርሳስ መፈለጌ አይቀርም። በእርሳስ ስሄድበት ከማስታወሻሽ አንድ ትልቅ ሒሳብ ተዘልሎ አገኘሁ።

68 ሺሑን አምንሻለሁ። ለእያንዳንዱ ምልክት አለው፤ በሬው ከበረት ጎድሏል፣ የባሕር ዛፉ ጉቶ ጓሮ ቀርቷል፣ የወርቁ ቀዳዳ እህትሽ ጆሮ ላይ ይታያል። የእህትሽን ሰኞ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈሽዋል። እስኪ አብረን እናስላው። ዓመት 52 ሰኞ አለው፤ ሁለቱን ለዒድና ለለቅሶ እንተውላት፣ 50 ይቀራል። በ500 ብር 25 ሺሕ ነው። በ6 ዓመት 150 ሺሕ ብር። ይህም በድሮው ትርፍ ነው፤ ሽንኩርት ዛሬ ስንት እንደገባ አንቺም ታውቂያለሽ። የአዲስ አበባው መኪና፣ ማደሪያው፣ ሲቲ ስካኑ፣ ጠበሉ፣ ዱዓው፣ ሁሉ ተደምሮ የእህትሽን ሰኞ ግማሽ አይሞላም።

ይህን መዝለልሽ የሙያ ድክመት እንዳይመስልሽ። ገንዘቡ ከማንም ኪስ አልወጣም፤ ኪስ ሳይገባ ነው የቀረ፤ እንዲህ ያለውን ደረሰኝ የሚቆርጥለት የለም። ከእኛ የሚበልጡ ሒሳበኞችም ይዘሉታል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2000 አገራቸው ውስጥ የተወለዱ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ዕድሜ ልካቸውን ምን ያህል ወጪ እንደሚያስከትሉ አስልተው ነበር። የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከላቸው በ2004 ባወጣው ጽሑፍ ለአንድ ሰው በአማካይ 1 ሚሊዮን 14 ሺሕ ዶላር፣ በጠቅላላው 51.2 ቢሊዮን ዶላር ይላል፤ በ2003 ዋጋ። ከዚያ ውስጥ ትልቁ ድርሻ ለሐኪም የሚከፈል አልነበረም፤ ሰዎቹ ራሳቸው ሳይሠሩት የቀረ ሥራ ዋጋ ነው። ቤተሰቡ ከገዛ ኪሱ የሚያወጣው ደግሞ ስሌቱ ውስጥ እንዳልገባ ራሳቸው ጽፈዋል። የእነሱ ዶላር ለደጋን አይሠራም፤ አውቃለሁ። ያን ያህል ባለሙያና ኮምፒውተር ተሰልፎም የእናት ጓዳ ከመዝገብ ውጭ እንደሚቀር እንድታዪ ብዬ ነው።

በዚሁ እርሳስ አጎትሽንም ልንካው። የዘመድ ፍየል ሲጠብቅ ኖረ ብለሻል። ስንት ዓመት ይሆናል? ሠላሳ? የእረኛ ደሞዝ ማን ከፈለው? ፍየሎቹ ሲረቡና ሲሸጡ ድርሻው የት ገባ? የባለ ፍየሎቹ ልጆች እሱ ገደል ለገደል ሲሮጥ ትምህርት ቤት ተቀምጠው ነበር። ከዚያ በኋላ በየለቅሶው «ምስኪን፣ የዘመድ ሸክም ነበር» ተብሎለት ይሆናል። ሠላሳ ዓመት ደሞዝ ያልወሰደ እረኛ ሸክም የሚባልበት ሒሳብ እኔ አልገባኝም። ለሁለቱ ልጆችም ይህን ያዢ። ቃል እየደጋገመ የሚውል ልጅ ሥራም እየደጋገመ ሊውል ይችላል፤ እንቁላል መሰብሰብ፣ ዶሮ መመገብ፣ ውሃ መቅዳት በየቀኑ በአንድ ሰዓትና በአንድ መልክ ካሳዩት ከማንም አብልጦ የሚይዘው ብዙ ነው። ገንዘብ ከማምጣቱ በፊት የእናቱን እጅ ያሳርፋል፤ ያም በእኔ መዝገብ ገቢ ነው።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ፤ ወደ ልጅቷ። የእህትሽ ሰኞ የደረሰ ኪሳራ ነው፤ የልጅቷ ገና እየተቆጠረ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ከ5ኛ ክፍል ስትቀር ወንድሞቿን ለአንድ ዓመት ብቻ ጠብቃ የምትመለስ ይመስላችኋል። አትመለስም። ጓደኞቿ ክፍል ይቀድሟታል፣ እሷ ታፍራለች፣ ቀጥሎ ባል ይመጣል ወይም ደላላ ይመጣል። ያ ከእናንተ ደጅ የሚያልፈው መንገድ ከባቲ ወዲያ ወደ የትኛው ስደት እንደሚወስድ ለኮምቦልቻ ሰው አልነግርም። ሁለት ወንዶች ልጆች ታመው ሦስት ሴቶች ሥራ፣ ትምህርትና ደሞዝ አጥተዋል ማለት ነው፤ እናትየው፣ ልጅቷ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ከደሞዝሽ ሲሶውን የምትልኪው አንቺ። በቤቱ ያሉት ወንዶች ከሸጡት በሬ በስተቀር ምን እንደከፈሉ ደብዳቤሽ አይናገርም።

ስለዚህ «እስከ መቼ ልላክ» ለሚለው የምመልሰው ስለ ወሩ ብዛት አይደለም። ለምንድን ነው የምትልኪው? እስካሁን ያው ብር ዘይት፣ ስኳር፣ መኪና ሆኖ ያልቃል፤ ማንም አልበላውም፣ ማንም አልዳነበትም። ከሚቀጥለው ወር ጀምረሽ ሰኞን ግዢላት። ከጎረቤት አንዲት የምታምናት፣ ልጆቹ የለመዷት ሴት ትፈልግ። ሰኞን ከማለዳ እስከ ማታ ልጆቹን ይዛ ለምትውልበት 250 ብር ብትከፍሏት በወር 1 ሺሕ ይሆናል። 800 ብር ለልጅቷ ደብተር፣ ጫማና ምናምን ይዋል፤ ትምህርት ቤት መመለሷን ሳታረጋግጪ ግን እንዳትልኪው። የቀረውን 1 ሺሕ 200 ለእህትሽ መነሻ ገንዘብ አድርጊው፤ ለመጀመሪያው ሰኞ ትንሽ ሽንኩርት ትግዛበት። ከስድስት ወር በኋላ የጠባቂዋን ብር ራሷ ከትርፏ መክፈል ትችላለች፤ ያን ጊዜ አንቺ 1 ሺሑን ቀንሺ። ቁጥሮቹን እንደ ቦታችሁ አስተካክሏቸው። ያልኩትን ብር ለማን እንደምትሰጪ ግን አትቀይሪ፤ በባልዋ እጅ ካለፈ ወደ በሬው ዋጋ ይሄዳል።

ጎረቤቲቱ ብር አልቀበልም ካለች ወንፈል አለላችሁ። እሷ ሰኞን ትጠብቅላት፤ እህትሽ ሐሙስ አረሟን ታርምላት። እርሻና አጨዳ በወንፈል ሲሄድ ልጅ መጠበቅ በወንፈል የማይሄድበትን ምክንያት ሽማግሌ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ደሴ ውስጥ የሰፈራችን ቅሬ (እድር) ጸሐፊ ነበርኩ፤ 11 ዓመት። ለቅሶ ያልደረሰ ይቀጣል፤ የቅጣቱን ደብተር የምይዘው እኔ ነኝ። አንዲት ሴት በየወሩ ማለት ይቻላል ቅጣት ነበረባት። ሁልጊዜ ትከፍላለች፤ ምክንያት አትናገርም። ኋላ ቤቷ ስሄድ ነው ያወቅሁት፤ ዕድሜው 20 ያለፈ፣ ብቻውን የማይተው ልጅ በር ዘግታ ትጠብቃለች። ደብተሩን አገላብጬ ስደምር ከመዋጮዋ ቅጣቷ በልጦ አገኘሁት። የልጇን ነገር የደበቀችው ከእኛ ነው፤ የድብቁንም ዋጋ የተቀበልነው እኛው ነን። እህትሽ ያለችበት ቅሬ ዘንድ ሄዳ በግልጽ ትናገር። ቅጣቱን ያነሡላታል፤ ለቅሶ ሲሆን አንድ ሰው ቤቷ እንዲቆይ ቢያዝዙላት ደግሞ ለእነሱ ቀላል ነገር ነው።

የመንግሥቱንም በር አንኳኩ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ካልሆኑ በሚቀጥለው ምዝገባ ይግቡ። ወሎ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም፤ በ2003 ዓ.ም ሙከራው በ13 ወረዳዎች ሲጀመር አንዱ ጎረቤታችሁ ተሁለደሬ ነበር። መድኑ የሚሠራው ግን ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ በሪፈራል ለሚሄድ ሰው ነው። በሬ ሸጦ ቀጥታ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው መድን ቢኖረውም ከኪሱ ይከፍላል። ቀበሌያችሁ በልማታዊ ሴፍቲኔት የታቀፈ ከሆነም ቀጥታ ድጋፍ የሚባለው መሥራት ለማይችሉ ሰዎች እንደሆነ አስታውሱ። ትምህርት ቤቱ የልዩ ፍላጎት መምህር ወይም ክፍል እንዳለው ጠይቁ፤ የ11 ዓመቱ ልጅ ሁለት ሰዓት እንኳ ቢውልበት ሁለት ሰዓት ነው።

ስለ በሬው እንነጋገር። አይሸጥ።

አዲስ አበባ መሄድ ክፉ ሆኖ አይደለም። ሦስት ጊዜ ሄደው ሦስቱንም ጊዜ ያንኑ ሥዕል ነው ገዝተው የተመለሱት። ሲቲ ስካን እጢ፣ ደም መፍሰስ፣ የራስ ቅል ስብራትና የመሳሰለውን ያሳያል፤ በዘር የመጣ ነገር ብዙ ጊዜ አይታይበትም። «ምንም የለባቸውም» የተባለው «ሥዕሉ ላይ ምንም የለም» ለማለት ነበር። ሁለተኛው ሐኪም የመጀመሪያውን፣ ሦስተኛው የሁለተኛውን ወረቀት አይቶ ቢሆን ኖሮ ሁለት ጊዜ ባልተነሣ ነበር። ወረቀቶቹ የት ናቸው? ጣራ ሥር ተሰክተው ከሆነ አውርደሽ በአንድ ክላሰር አስገቢያቸው፤ ይህ ሥራ የአንቺ ነው። ከፊት ለፊቱ አንድ ገጽ ጻፊ፤ መቼ ተቀመጠ፣ መቼ ሄደ፣ መቼ ተናገረ፣ መቼ ጣለው፣ ምን ወሰደ፣ በእናት በኩል ማን አለ። ያን ገጽ የያዘች እናት ከሐኪሙ ጋር የምታሳልፋት አጭር ጊዜ በጥያቄ ብቻ አታልቅባትም።

ከዚያ ቅርቡን ርካሹን አስቀድሙ። ትንሹን ጥሎታል ብለሻል፤ የሚጥል በሽታ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ይታከማል፤ መድኃኒቱም ከበሬ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ሲጥለው ወደ ጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ክብሪት ማሽተቱን ተዉት። ጠበል ከገባ መድኃኒቱ አይቋረጥ፤ ቄሱንም ሼሁንም ይህን ጠይቂያቸው፣ አስተዋይ ከሆኑ ተው አይሉም። የሁለቱም ጆሮ ይታይ፤ የማይሰማ ልጅ እንደማይገባው ልጅ ይቆጠራል። የእንቅርት እጢ ደም ምርመራም ደሴ ላይ ይጠየቅ፤ እሷ የምትሠራው ንጥረ ነገር ሲያንስ የልጅ አእምሮ ይዘገያል፣ ቶሎ ከተደረሰበት ደግሞ መድኃኒት አለው።

እንቅርትን ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። በአንድ ቤት ውስጥ የተደጋገመ ነገር ሁሉ ዘር አይደለም፤ አንድ ቤተሰብ ደም ብቻ ሳይሆን ጨውም ይጋራል። ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ሲያንሳት የልጁን አእምሮ ይጎዳል፤ የእኛ ደጋ ደግሞ እንቅርት የሚታወቅበት አገር ነው። በ2003 ዓ.ም የወጣው ደንብ የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው ይላል። አንቺ ሙሽራ ልትሆኚ ነውና ጨውሽን በክዳን ያዥ፣ ፀሐይ አታሳዪው፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሪው።

እንግዲህ ወደ ዘሩ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ለልጆቹ የበሽታ ስም ልሰጥ አልችልም። አንቺ የሣልሽው መንገድ ግን፣ የእናት ወንድም፣ ቀጥሎ የእህት ወንዶች ልጆች፣ በመካከላቸው ደኅና የሆኑ ሴቶች፣ ሐኪሞች የሚያውቁት መንገድ ነው። ኤክስ በሚባለው ክሮሞሶም፣ ማለትም ዘር በሚሸከመው ክር፣ በኩል ይሄዳል። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፣ ወንድ አንድ ብቻ፤ እሷ ድርብ ለብሳለች፣ እሱ ነጠላ። አንዱ ቢቀደድባት ሌላው ይሸፍናታል፤ እሱ ግን ብርዱ ያገኘዋል።

በዚህ መንገድ ከሚመጡት ሁሉ የታወቀው ፍራጃይል ኤክስ ይባላል፤ በዘር ለሚተላለፍ የአእምሮ እድገት ውስንነት በዓለም ላይ ዋናው ምክንያት እሱ ነው። የሚያመጣው ጂን፣ ማለትም በክሮሞሶሙ ላይ ያለው የዘር መመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ተገኝቷል። ጂኑ ውስጥ አንዲት ባለ ሦስት ፊደል ቃል ትደጋገማለች። ብዙ ሰው ላይ ድግግሞሹ ከ45 በታች ነው። ከ55 እስከ 200 የሆነለት ሰው ተሸካሚ ነው፤ አእምሮው ብዙውን ጊዜ ደኅና ነው። ከ200 ሲያልፍ ጂኑ ሥራ ያቆማል፣ ወንዱ ልጅ ይታመማል፣ ሴቷም አንዳንዴ ቀለል ባለ መልኩ ያገኛታል፤ በተለይ ሒሳብ ይከብዳታል። (የ14 ዓመቷን ልጅ ሒሳብ ከብዷት ከሆነ ሰነፍ አትበሏት።) ድግግሞሹ ከእናት ወደ ልጅ ሲያልፍ ሊያድግ ይችላል። ተሸካሚ አባት ደግሞ ለሴት ልጆቹ ሁሉ ያወርሳል፣ ለወንዶቹ ለአንዱም አያወርስም። ዓይን አለማየትና እጅ ማርገብገብ ከምልክቶቹ መካከል ናቸው፤ ሌላ ሕመምም ግን እንዲሁ ያደርጋል። የሚለየው የደም ምርመራ ብቻ ነው።

የባልዋ ዘመዶች «ከእሷ ዘር ነው» ሲሉ ግማሽ እውነት ይዘው ይሆናል፤ ግማሽ እውነት በድንጋይ ቅርጽ። ነገሩ በእናትሽ በኩል ቢመጣም ምናልባት ያመጡት ደኅና ኖረው ደኅና የሞቱት ሴት አያትሽ ናቸው፤ ማን ጠርጥሯቸው? እህትሽ የሠራችው ነገር የለም። ሽማግሌዎቹም ሰባት ቤት ሲቆጥሩ አልተሳሳቱም፤ ሰባት ቤት መቁጠር የሁለት ዘመዳሞች አንድ ዓይነት ጉድለት ልጅ ላይ እንዳይገናኝ ይጠብቃል። ይህኛው ግን መገናኘት አያስፈልገውም። እናቲቱ የሩቅ ባዳ ብታገባ፣ የአፋር ሰው ብታገባ፣ የሸዋ ሰው ብታገባ ከእሷ ጋር ይሄዳል። ባልዋ ሌላ ያግባ የሚሉት ደግሞ ሁለተኛ ቤት በምን በሬ እንደሚቋቋም ይንገሩት።

የዚህ ምርመራ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም። የተመራችሁበት ሐኪም ካመነበት በስልክ የት እንደሚደረግና ስንት እንደሚያስከፍል ሳትጠይቁ አትነሡ። መመርመር ያለበትም ትልቁ ልጅ ብቻ ነው፣ አንድ ጊዜ። የእሱ መልስ የቤተሰቡ ሁሉ መልስ ነው፤ እሱ ላይ ካልተገኘ ሌላ ሰው በዚህ ጉዳይ ደሙን የሚሰጥበት ምክንያት የለም። ከተገኘ ግን የልጆቹ ፈውስ አይገኝም፤ ፈውስ ፍለጋ የሚወጣው ገንዘብ ይቆማል። እኔ ይህን ወረቀት ለዚያ ብቻ እገዛዋለሁ።

አንቺንም ይመለከታል። ተገኘ እንበል። እናትሽ ተሸካሚ ናቸው ማለት ነው፤ አንቺ የመውረስሽ ዕድል ከሁለት አንድ ነው። ወርሰሽ ከሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍሽ ዕድል እንደገና ከሁለት አንድ። ሳትመረመሪ ስናስበው ከአራት አንድ ይሆናል፤ የወረሰ ሁሉ ደግሞ አይታመምም። ተሸካሚ ከሆኑ ሴቶች ከአምስት አንድ ያህሉ ከ40 ዓመት በፊት የወር አበባቸው ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ መውለድ ከፈለግሽ «ትንሽ ቆይቼ» የሚለውን ሳታውቂ አትበዪ። አትውለጂ የሚልሽ ሰው ካለ ደግሞ ድፍረቱን ከየት እንዳመጣው ጠይቂልኝ።

እጮኛሽን ንገሪው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት፣ ራስሽ፣ ብቻውን። በአክስት አይሁን፣ በጓደኛ አይሁን። ደሴ ቁመቷ ረጅም ቢሆንም ወሬ ከሸዋ በር ፒያሳ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም፤ ከሰው ከሚሰማው ካንቺ ይስማው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከዘሩ ይልቅ 3 ሺሑ ነው ያሳሰበኝ። ዘሩን አንቺ አልመረጥሽውም። «ለእናቴ ነው» ያልሽው ግን በየወሩ የምትከፍዪው ሌላ ዕዳ ሆኗል፤ ከጋብቻ በኋላ ደብተራችሁ አንድ ሲሆን በመጀመሪያው ወር ይገለጣል። ስለ ልጆቹ ስትነግሪው ስለ ገንዘቡም ንገሪው፤ እንዲያውም የስድስት ወሩን ሒሳብ አብራችሁ ጻፉት። ከዚያ ቢሄድ ያመኛል፣ አንቺንም ያምሻል፤ ነገር ግን ኒካሕ ሳይታሰር ይሄዳል።

የአጎትሽን ነገር ሳስብ ደግሞ አንድ የቀረኝ አለ። ሲሞት የነበረችው ድርሻ ማን ዘንድ ገባች? ልጆቹ ላይ እንዳይደገም አማችሽና እህትሽ በሕይወት ሳሉ አሳዳሪና ሞግዚት የሚሆነውን ሰው ይምረጡ፤ ኑዛዜም ያድርጉ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብና መፈረም አለበት፤ አንዷ ነገር ከጎደለች ዘመድ ያፈርሰዋል። የእርሻውን ደብተር ነገር ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄደው ይጠይቁ። ይህ ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ ይሆናል።

ዘንድሮ የሚሆነው ሌላው ነው። ዓርብ ማታ ለእህትሽ ደውዪ። ስለ ሐኪምና ስለ ዘር ገና ምንም አትንገሪያት። ከደጋን ባቲ የሚሄደው ሚኒባስ አሁን ሰው ስንት እንደሚያስከፍል፣ ለአንድ ጆንያ ሽንኩርትስ ስንት እንደሚጨምር ብቻ ጠይቂያት። ከ1 ሺሕ 200ው ላይ ቀንሺና የቀረውን ጻፊልኝ።